አነስተኛ የሶፍትዌር አቅራቢ ከትልቅ ተቋም ጋር ሲጣመር፦ የተጠቃሚው ሦስት ጥያቄዎች በሞባይል ገንዘብ አገልግሎት

መግቢያ

አንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ከባንክ ወይም ከቴሌኮም ኩባንያ ጋር የአጋርነት ስምምነት ሲፈራረም፣ የስምምነቱ ጥቅም የሚነገረው ብዙውን ጊዜ በሁለቱ ፈራሚዎች አንደበት ነው። አነስተኛው ሰፊ ገበያ ያገኛል፤ ትልቁ የተዘጋጀ ቴክኖሎጂ ይረከባል። በአገልግሎቱ በየዕለቱ የሚጠቀመው ሦስተኛው ወገን ግን በውሉ ላይ ፊርማ የለውም። ይህ ጽሑፍ በይፋ የታወቁ የአገራችንን ስምምነቶችና ሕጎች መሠረት በማድረግ የተጠቃሚው ስጋት ከምን እንደሚመነጭ ይመረምራል፤ ለጅማና በዙሪያዋ ላሉት የቡና ከተሞች ያለውንም ትርጉም ያመለክታል።

የጥምረቱ መነሻ

በኢትዮጵያ ይህ ዓይነቱ ጥምረት ከንግድ ፍላጎት ባሻገር የሕግ ግዴታም ነበር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የሞባይልና የወኪል ባንክ አገልግሎት መመሪያ ቁጥር ኤፍ.አይ.ኤስ/01/2012 ፈቃዱን ለፋይናንስ ተቋማት ብቻ ስለሰጠ፣ ቴክኖሎጂውን ያበለጸጉ ድርጅቶች በራሳቸው ስም መሥራት አይችሉም ነበር። ስለዚህ ኤም-ብር ከአምስት የማይክሮፋይናንስ ተቋማት ጋር ተጣመረ፤ ከእነዚህ አንዱ ኋላ ሲንቄ ባንክ የሆነው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነው። ሄሎካሽን ያበለጸገው ቤልካሽም ከአንበሳ ኢንተርናሽናል ባንክና ከኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ጋር ሠርቷል።

በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው መመሪያ ቁጥር ኦ.ኤን.ፒ.ኤስ/01/2020 ባንክ ላልሆኑ ተቋማትም በሩን ከፈተ። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ጀመረ፤ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ። በባንክ ጥላ ሥር ያደጉት አነስተኛ አቅራቢዎች ከዚያ ወዲህ ከግዙፍ ተቋማት ጋር በአንድ ገበያ ተገናኙ። አጋር መቀየር፣ መዋሃድ ወይም መውጣት የሚጠበቅ ነገር ሆነ።

ሦስቱ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ «መዝገቤ ወዴት ይሄዳል?» የሚል ነው። በቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ አባሉ እሸት ቡናውን ሲያስረክብ የሚከፈለው ገንዘብ የመጀመሪያው ክፍያ ብቻ ነው። የትርፍ ክፍፍሉ ዘግይቶ፣ ባቀረበው የቡና መጠን ልክ ይመጣለታል። ማኅበሩ ርክክቡንና ክፍያውን በአንድ ሥርዓት ይዞ በመካከሉ ሥርዓቱ ቢቀየርና የቀድሞው መዝገብ ባይተላለፍ፣ አባሉ ድርሻውን በምን ያስረዳል? መዝገብ ብድርንም ይነካል። ኢትዮ ቴሌኮምና ዳሸን ባንክ በ2014 ዓ.ም. የጀመሩት ቴሌብር መላ የተጠቃሚውን የአጠቃቀም ታሪክ ለብድር መመዘኛነት ይጠቀማል። ታሪኩ በቀድሞው አቅራቢ ዘንድ የቀረ ሰው እንደ አዲስ ይጀምራል።

ሁለተኛው «ማንን ልጠይቅ?» የሚለው ነው። የተላከ ገንዘብ ሳይደርስ ሲቀር ባንኩ ወደ ሶፍትዌር አቅራቢው፣ አቅራቢው ወደ ኔትወርኩ ሊያመለክቱ ይችላሉ። በመንደራ ቆጪም ሆነ በአጋሮ ከደንበኛው ፊት የሚቆመው ግን ወኪሉ ነው፤ እርሱ ደግሞ የመወሰን ሥልጣን የለውም። እሸት ቡና ሳያድር ወደ መፈልፈያ መግባት አለበት፤ ለቃሚውም ደመወዙን ይጠብቃል። በለቀማ ወቅት የሁለት ቀን መዘግየት ለገበሬው ቀላል ጉዳት አይደለም።

ሦስተኛው «መውጣት እችላለሁ ወይ?» የሚል ነው። ለዚህ የውጭ አገር ተሞክሮ ያግዛል። የሱሴ ሊኑክስ ባለቤት ኖቬል በኅዳር ወር 2006 እ.ኤ.አ. ከማይክሮሶፍት ጋር ሲስማማ፣ ማይክሮሶፍት የኖቬልን ደንበኞች በፓተንት እንደማይከስ ቃል ገባ። ብዙዎች ይህ ሌላውን የሊኑክስ ተጠቃሚ ለክስ ያጋልጣል ብለው ሠጉ፤ በኖቬል ይሠራ የነበረው ታዋቂው ባለሙያ ጄረሚ አሊሰን በተቃውሞ ሥራውን ለቀቀ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የጂፒኤል ፈቃድ ሦስተኛ እትም እንዲህ ያለውን አድሏዊ ስምምነት የሚገድብ አንቀጽ አካተተ። ኖቬል ራሱ በ2011 እ.ኤ.አ. ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። ይሁንና ኮዱ ክፍት ስለነበር ስምምነቱን ያልወደደ ተጠቃሚ ወደ ሌላ የሊኑክስ ሥርጭት መሻገር ይችል ነበር። የእኛ የሞባይል ገንዘብ ተጠቃሚ ይህ መሻገሪያ የለውም፤ ሶፍትዌሩም መዝገቡም በአቅራቢዎቹ እጅ ናቸው።

ሕጉ የሚሸፍነውና የማይሸፍነው

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የማስተካከል መብት ሰጥቶታል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህ ለመጀመሪያው ጥያቄ ጠንካራ መነሻ ነው። ነገር ግን መብቱ በተግባር የሚፈተነው ሁለቱ አጋሮች በሚለያዩበት ቀን ነው። መዝገቡን የያዘው አነስተኛ ድርጅት በዚያን ቀን ከሥራ ወጥቶ ከተገኘ፣ ባለመብቱ አቤት የሚልበት በር ይጠብበታል።

ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

ከላይ እንደታየው ስጋቱ የሚመነጨው ከትልቁ ተቋም ግዝፈት ይልቅ የመለያየት ጊዜ በውሉ ውስጥ አስቀድሞ ካለመታሰቡ ነው። ግለሰብ ገበሬ ውል የመደራደር አቅም የለውም፤ መሠረታዊ ማኅበራትና ዩኒየኖች ግን አላቸው። ስለሆነም ማንኛውንም የክፍያ ሥርዓት ከመቀበላቸው በፊት ሦስት ነጥቦች በጽሑፍ እንዲሰፍሩ ቢጠይቁ ይበጃል፦ አንደኛ፣ የአባላት መዝገብ በየወቅቱ ማኅበሩ ሊያነበው በሚችል መልክ እንዲሰጠው፤ ሁለተኛ፣ ለአቤቱታ መልስ የሚሰጠው ተቋም አንድና የታወቀ እንዲሆን፤ ሦስተኛ፣ አጋርነቱ ቢቋረጥ የቀሪ ሂሳብ መመለሻ ጊዜ እንዲወሰን። ተጠቃሚው በፈራሚዎቹ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ባይኖረውም፣ ጥያቄው ከፊርማው በፊት እዚያ መድረስ አለበት።