ስለ ወንጂ ውኃና ስለ አባቶች አጥንት

ልጆች ሆይ፣ በብርጭቆ የተቀዳ ውኃ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ተመልክታችሁ ታውቃላችሁን? ጭቃ ቢኖርበት ዐይን ያየዋል፤ ቢሸትም አፍንጫ ይለየዋል። ነገር ግን ዐይን የማያየው፣ አፍንጫ የማያሸተው፣ ምላስም የማይለየው ነገር በውኃ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ዛሬ የምናነበው እንዲህ ስላለው ነገር ነው። ስሙም ፍሎራይድ ይባላል።

ከአዳማ በስተ ደቡብ፣ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ፣ ወንጂ የሚባል ሜዳ አለ። አዳማን ብዙ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ ናዝሬት ይሏታል፤ ሁለቱም የአንዲት ከተማ ስሞች ናቸው። በወንጂ ሜዳ ኤች ቪ ኤ የሚባል የሆላንድ ኩባንያ ሸንኰራ አገዳ ተከለ። በ1946 ዓመተ ምሕረት፣ ይኸውም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1954፣ የስኳር ፋብሪካው ተመርቆ ተከፈተ። ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታና ከሌላም አገር ብዙ ወንዶች ለሥራ መጥተው በዚያ ሰፈሩ። አገዳ መቍረጥ ከባድ ሥራ ነው፤ የወንጂም ፀሐይ ያቃጥላል። ስለዚህ ሠራተኛው ላቡ እየፈሰሰ፣ ውኃ ደጋግሞ ይጠጣ ነበር።

ውኃውም ከጥልቅ ጕድጓድ የወጣ ነበር። እጅግ የጠራ ስለ ነበረ ማንም አልጠረጠረውም። ነገር ግን አገራችን ስምጥ ሸለቆ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ምድር ነው። ከአዳማ ብዙ ያልራቀው የሶደሬ ፍል ውኃ ከምድር በታች ያለው ሙቀት ገና እንዳልበረደ ይመሰክራል። ዝናብ ወደ ምድር ጠልቆ በእነዚያ ድንጋዮች መካከል ለረጅም ዘመን ሲቈይ፣ ፍሎራይዱን ከድንጋዩ እያሟሟ ይይዛል። ወንዝ ግን ከድንጋዩ ጋር ብዙ ሳይቈይ ስለሚያልፍ፣ የአዋሽ ውኃ ቢደፈርስም እንኳ ፍሎራይዱ ከጕድጓዱ ውኃ ያንሳል። እንግዲህ የጠራው ጎጂ፣ የደፈረሰው ደግሞ በዚህ ነገር የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ይህ ነገር ትልልቅ ሰዎችንም ያስገርማል።

ዓመታት አለፉ። ከዐሥር ዓመት በላይ ያን ውኃ ከጠጡት ሠራተኞች መካከል አንዳንዶቹ ጎንበስ ማለት ተሳናቸው። አንገታቸው ደረቀ፤ ወገባቸው ገተረ፤ ከእነርሱም ብርቱ የነበሩ ሰዎች በምርኵዝ መሄድ ጀመሩ። ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1987 ስለዚህ ሕመም ጥናት አሳተሙ። በስምጥ ሸለቆ ተወልደው ካደጉትና ከተመረመሩት ልጆች መካከል ከመቶው ከ80 የሚበልጡት ጥርሳቸው የበለዘ ሆኖ አገኙ።

ፍሎራይድ በሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል? በጥቂቱ ሲሆን ጥርስን ያጠነክራል። ሲበዛ ግን ወደ አጥንት ይገባል፤ ከዚያም በቶሎ አይወጣም። ኩላሊት የተወሰነውን በሽንት ያስወጣል፤ የቀረው ከቀን ወደ ቀን ይከማቻል። አጥንቱ ይወፍራል፤ አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያያይዙት ጅማቶችም ራሳቸው አጥንት ወደ መሆን ይለወጣሉ። የአከርካሪ አጥንቶች እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ በመካከላቸው የሚያልፈው ኅብለ ሰረሰር ሲጨቈን ደግሞ እግር ይዝላል።

እስቲ እንቍጠር። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም የሚበልጥ ፍሎራይድ እንዳይኖር ይመክራል። አንድ ሰው በዚህ ልክ ካለው ውኃ በቀን 2 ሊትር ቢጠጣ 3 ሚሊግራም ያገኛል። ሌላው በፀሐይ ሲሠራ የሚውል ሰው በሊትር 6 ሚሊግራም ካለበት ጕድጓድ 5 ሊትር ቢጠጣስ? 30 ሚሊግራም ይሆናል፤ ይኸውም ዐሥር እጥፍ ነው። የአገዳ ቈራጩ አጥንት ስለ ምን ቀድሞ እንደ ተጎዳ ከዚህ ይገባችኋል።

የልጅ ጥርስ ከድድ ሳይወጣ ገና ሲሠራ ፍሎራይድ ካገኘው፣ ሲወጣ ቡናማ ወይም ነጭ ዥጕርጕር ሆኖ ይወጣል። ይህ እድፍ አይደለም፤ በከሰል ቢፍቁትም አይለቅም። ስለዚህ ጥርሱ የበለዘውን ጓደኛችሁን ሰነፍ ወይም ንጽሕና የማያውቅ ብላችሁ አትዝለፉት። አንዳንዱ ልጅ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍነው በእንዲህ ያለ ዘለፋ ነው። የልጁ ጥርስ የቤቱን ውኃ ይናገራል፤ የልጁ ጥርስ ከበለዘ የአባቱንም ወገብ መጠየቅ ይገባል።

የወንዶች ነገር ግን አስቸጋሪ ነው። ብዙ አባት ሲያመው አይናገርም። ከአገዳ ማሳ የተመለሰ አንድ አባት በቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ወገቡን ሲያሽ እናስብ።

ልጁ፣ «አባባ፣ ወገብዎን ያምዎታልን?» ይለዋል።

«የሥራ ድካም ነው፣ ልጄ። ነገ ይለቀኛል።»

«ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ብለው ነበር።»

«እንግዲያው ቍርጥማት ይሆናል። ወንድ ልጅ ለቍርጥማት ሐኪም ቤት አይሄድም።»

አባት ይህን ያለው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አንድ ቀን ከሥራ ቢቀር የቀን ደመወዙ ስለሚቀርበት ነው። ሆኖም ሕመሙ ሲጀምር በእርግጥ ቍርጥማት ይመስላል፤ የሚያታልለውም ስለዚህ ነው። የታሰረውን አጥንት ወደ ቀድሞው የሚመልስ መድኃኒት የለም። ውኃው በጊዜ ከተለወጠ ግን ሕመሙ እንዳይብስ ለማድረግ ይቻላል። ስለዚህ ቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ሐኪሞች ያለ መሣሪያ የሚያስደርጓቸው ጥቂት እንቅስቃሴዎች አሉ፤ በቤትም ለማድረግ አይከብዱም። ሰውዬው አገጩን ከደረቱ ጋር ማገናኘት ይችላልን? ጕልበቱን ሳያጥፍ ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን ወደ እግሩ ማድረስ ይችላልን? ሁለት እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ ከዚያም አጥፎ፣ ማጅራቱን መንካት ይችላልን? እነዚህን ማድረግ ያቃተው ሁሉ ፍሎራይድ ጎድቶታል ማለት አይደለም፤ ወገብን የሚያደርቅ ሌላም ሕመም ብዙ ነውና። ነገር ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። እዚያም ሐኪሙ በራጅ አጥንቱን ሊያይ ይችላል። እግሩ መዛል ወይም መደንዘዝ ከጀመረ ግን ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

ውኃውንስ እንዴት እናድርገው? ብዙ ሰው «እናፍላው» ይላል። ማፍላት ተቅማጥ የሚያመጡትን ጀርሞች ይገድላል፤ ስለዚህም መልካም ነው። ፍሎራይድ ግን አይሞትም፤ ሕይወት የለውምና። እንዲያውም ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ በድስቱ ውስጥ ስለሚቀር፣ የፈላው ውኃ ይብስበታል። የዝናብ ውኃ በንጹሕ ዕቃ ቢጠራቀም ፍሎራይድ የለበትም ለማለት ይቻላል። ደግሞም የከብት አጥንት ተቃጥሎ እንደ ከሰል ሲሆን፣ በእርሱ ውስጥ የሚያልፈው ውኃ ፍሎራይዱን ለከሰሉ ይተዋል። አጥንትን የሚጎዳውን ነገር አጥንት ራሱ ሲይዘው ማየት ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን ከሰሉ ከጊዜ በኋላ ይጠግባል፤ መልኩም ስለማይለወጥ ሰው ገና የሚሠራ ይመስለዋል። ስለዚህ በጊዜው መለወጥ አለበት። በሕንድ አገር ናልጎንዳ በምትባል ስፍራ ስም የተጠራ ሌላም መንገድ አለ፤ አሉምና ኖራ በውኃው ላይ ተጨምሮ ይማሰላል፤ ዝቃጩም ወደ ታች ሲወርድ ፍሎራይዱን ይዞ ይወርዳል። ወተት የሚጠጣ ሰውም ከማይጠጣው ይሻላል፤ በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ፍሎራይድ ወደ ደም እንዳይገባ በከፊል ይከለክላልና።

በጤና ጣቢያ ሐኪሙ ለአባት ሁለት ጥያቄ ያቀርብለታል፤ ከየትኛው ጕድጓድ ትጠጣለህ? ስንት ዓመትስ ጠጣህ? አባት በማሳ የሚውል ስለሆነ ጕድጓዱን ላያውቀው ይችላል። በየማለዳው ጄሪካን ተሸክሞ የሚመላለሰው ልጅ ግን ያውቀዋልና፣ ከአባቱ ጋር አብሮ ቢሄድ መልካም ነው።