ጉናን ለብቻው አትጠብቀው

ልጄ፣ የጉና ተራራ ጥበቃ ሥራ ላይ ገባህ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ልብህ ቅን ነው፤ ግን የሰማኸውን ቶሎ ትረሳለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

1. ከማዶ ካለው ጋር ተወዳጅ። ከአርብ ገበያ ወደ በሽሎ ወንዝ ስትወርድ ቆላው እንዴት እንደሚያቃጥል ታውቃለህ። ከበሽሎ ማዶ፣ በቦረና ሳይንት ፓርክ ደጋ ላይ፣ ቀይ ቀበሮ ዛሬም ፍልፈል ያድናል። ጉና ላይም ነበረ፤ አሁን የለም። የውርጭ አገር እንስሳ ነውና ያንን ሙቀት አቋርጦ አይመጣልህም። አንዴ ከጠፋ የሚመልሰው ሰው ነው፤ ያውም ወዲህና ወዲያ ያላችሁት ከተስማማችሁ። በአገሪቱ የቀረው ከ500 አይበልጥም ይባላል፤ እሱም በሰሜን ተራሮች፣ በወሎ፣ በመንዝ፣ በአርሲና በባሌ ተበታትኖ ነው።

2. ውሻ አስከትብ። ቀበሮ ጠፋ ሲባል ሰው ሁሉ ጠመንጃንና ማረሻን ይከሳል። ማረሻውስ እውነት ነው፤ ገብስና ድንች ጉናን ሽቅብ እየበሉት ነው። ባሌ ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ2003 በዌብ ሸለቆ አብዛኛውን ቀበሮ የጨረሰው ከመንደር ውሻ የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። አንተ አስከትበህ ጎረቤት ወረዳ ከተወው ድካምህ ከንቱ ነው። ውሻ የቀበሌ ወሰን አያውቅም።

3. መንዝ ሂድና ሽማግሌዎቹን ጠይቅ። የጓሳን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ጠብቀውታል፦ ለዓመታት ይዘጋል፣ በተቆረጠለት ቀን ይከፈታል፣ ያለ ቀኑ ያጨደ ይቀጣል። ሣሩ ለጣሪያ ክዳንና ለገመድ ስለሚሆን ሕጉ የሚጠብቀው የራሳቸውን ጥቅም ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ላላ፤ እነሱ ግን መልሰው ተደራጁ። ጉና የፋርጣም፣ የእስቴም፣ የላይ ጋይንትም ነው። እስቴ የዘጋውን ግጦሽ የፋርጣ ከብት ከገባበት ምኑ ተዘጋ? ሦስቱም በአንድ ቀን ይዝጉ፣ በአንድ ቀን ይክፈቱ።

4. ሰሜን ተራሮችንም ጠይቅ፤ ግን ሙሉውን ስማ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ይህን የሚያወራልህ አይጠፋም። በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ ሰዎች ከመንደራቸው መነሣታቸውን ግን ካልጠየቅህ ማንም አያነሣልህም። ደጋውን ያተረፈ ሁሉ ሰውን አላተረፈም፤ ጉና ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲታሰብ በጊዜ ተናገር።

5. ታች ያሉትን አትርሳ። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ጣና ይገባሉ። ፎገራ ላይ ሩዝ የሚያበቅል ገበሬ ውሃው ከየት እንደመጣ ይወቅ፤ ለችግኝም ለዘብም ድርሻውን ቢጠየቅ አይበዛበትም።

6. መዝገብህን አትደብቅ። ያየኸውን እንስሳ፣ የሞተውን ውሻ፣ የተቃጠለውን አስታ በየወሩ ጽፈህ ቅጂውን ለሳይንትም ለመንዝም ላክ። እነሱ ካልላኩልህ አትኩረፍ፤ ደውል።