በዘመነ ጸደይ ወደ ተራራ አድባራትና ገዳማት የሚደረግ ጉዞና የአየሩ ጠባይ

በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አከፋፈል ዘመነ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው ወቅት ነው። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች በልግ ከሚሉት ወቅት ጋር በከፊል ይደራረባል፤ መጨረሻውም ከክረምቱ መግቢያ ጋር ይገናኛል። ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን ልደት፣ ሰኔ 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤልና የቅዱስ ላሊበላ በዓል የሚከበረው በዚሁ ወቅት በመሆኑ፣ ብዙ ምእመናን በተራራ ላይ ወደተመሠረቱ አድባራትና ገዳማት በእግር ይወጣሉ። ሰበካ ጉባኤያት ስለ ስንቁና ስለ ማረፊያው አስቀድመው ይመክራሉ፤ ስለ አየሩ መምከር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው የጸደይ ዝናብ በደጋው አገር በአብዛኛው ሰዓት የሚጠብቅ መሆኑ ነው። ማለዳው ብሩህ ይሆናል፤ መንገደኛውን የሚያታልለውም ይኸው ብሩህነት ነው። ፀሐይ የተራራውን ገጽ ስታሞቅ፣ ከሸለቆው ያለው እርጥበት ያዘለ አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ከፍ ባለ መጠንም ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። በቀትር ገደማ በተራራው አናት ላይ ነጭ ደመና ይቆለላል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነጎድጓድ፣ በረዶና ኃይለኛ ዝናብ ሊከተል ይችላል። ደመናው ገና ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ቁመቱ ከስፋቱ በልጦ ከታየና ከሥሩ ከጠቆረ፣ ዶፉ ከተለመደው ሰዓት ቀድሞ እንደሚመጣ መገመት ይገባል።

እንግዲህ ጉባኤው የሚወስነው ትልቁ ነገር የመነሻና የመመለሻ ሰዓት ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሥቶ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ከተራራው ጫፍና ከገላጣው ሸንተረር መውረድ የሚቻልበት መርሐ ግብር እጅግ የተሻለ ነው። በእርግጥ ይህ ሁልጊዜ አይመችም። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ኀምሳ ቀናት ቅዳሴው በጧት ስለሚፈጸም አያስቸግርም፤ በዐቢይ ጾም ወይም በጾመ ሐዋርያት ግን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ የሚጠናቀቅበት ቀን ስላለ፣ ሕዝቡ ቁልቁል የሚወርድበት ሰዓት ከነጎድጓዱ ሰዓት ጋር ይገጥማል። በእኛ አስተያየት በእንዲህ ያለው ቀን ከሩቅ የመጡትን አቻኩሎ ከማውረድ ይልቅ፣ በዚያው አሳድሮ በማግሥቱ ማለዳ መሸኘት ይሻላል። ለዚህም የማደሪያው ዝግጅት ከጉዞው በፊት መጠናቀቅ አለበት።

ስለ መብረቅ ጥቂት ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ብልጭታው ከታየበት ቅጽበት ጀምሮ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ያለውን ሰኮንድ ቆጥሮ ለ3 ቢያካፍሉት ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይገኛል። ቆጠራው ከ30 በታች ከሆነ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነውና ጉዞውን አቋርጦ መጠለል ይገባል፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ያሻል። ለብቻው በቆመ ጽድ ወይም ወይራ ሥር መሰብሰብ አደገኛ ነው። ዳስና ድንኳን ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያድኑም። ጥልቀት የሌለው ዋሻና የገደል ጥላም እንዲሁ ናቸው፤ ኤሌክትሪኩ በዐለቱ ገጽ ወርዶ በአፉ ሊዘልል ይችላል። ብረት መብረቅን ከሩቅ ይስባል የሚባለው ትክክል ባይሆንም፣ በገላጣ ሸንተረር ላይ ከራስ በላይ ከፍ ብሎ የተያዘ የመስቀል ዘንግ ወይም ጃንጥላ የያዘውን ሰው ከአካባቢው ሁሉ ረጅም ያደርገዋል፤ ስለዚህ ዝቅ ይደረግ። ግድግዳና በር ባለው ሕንፃ ውስጥ የተጠለሉትም ከግድግዳውና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ይራቁ፤ የድምፅ ማጉያው ከመስመር ይነቀል፣ ማይክራፎኑም ይቀመጥ። መጠለያ ከሌለ ከጫፉ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ መውረድና ሕዝቡ ተራርቆ እንዲቆም ማድረግ ይገባል።

በመብረቅ የተመታ ሰው በሰውነቱ ኤሌክትሪክ ይዞ አይቆይም። በመሆኑም መንካት አያስፈራም፤ ትንፋሹና የልብ ምቱ የቆመውን ሥልጠናው ያለው ሰው ወዲያው ደረቱን በመጫን ቢረዳው ሊተርፍ ይችላል።

ከመብረቁ ይልቅ በዝምታ የሚጎዳው ቅዝቃዜ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። የላሊበላ ከተማ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከበላይዋ ያለችው አሸተን ማርያም ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ከዚያም አልፎ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ከተማው 20 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት ተራራው አናት 9 ዲግሪ ገደማ ሊሆን ይችላል፤ ነፋሱና ዝናቡ ሲጨመሩበት ሰውነት የሚያጣው ሙቀት እጅግ ይበዛል። ነጠላና ጋቢ ጥጥ ናቸው፤ ከራሱ በኋላ ሙቀት አይዙም። ከበግ ጠጉር የተሠራ በርኖስ ወይም ባና ግን እርጥብ ሆኖም በመጠኑ ያሞቃል። በጾም የሚጓዝ አረጋዊ፣ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ቀድመው ይጎዳሉ። የሚንቀጠቀጥ፣ አንደበቱ የሚተሳሰርና የሚደነቃቀፍ ሰው ካለ በብርድ መመታቱ ነው፤ መንቀጥቀጡ ሳይሞቅ ቢቆም ደግሞ ተሻለው ማለት ሳይሆን ባሰበት ማለት ነው። ከነፋስ ከልሎ፣ እርጥቡን ልብስ አውልቆ፣ በደረቅ ልብስ መጠቅለልና ንቁ ከሆነ ስኳር ያለው ትኩስ ሻይ ማጠጣት ይገባል። አረቄ መስጠት፣ እጅና እግሩን ማሸት፣ ወደ እሳት ማስጠጋት ይጎዳዋል። ጾም የያዘ ከሆነ በቦታው ያለው ካህን ወዲያው ይፍቀድለት፤ ይህን ጉዳይ ካህናቱ ከጉዞው በፊት ተነጋግረው ቢጨርሱት መልካም ነው።

ደራሽ ጎርፍም አለ። በመንገዱ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ በዘነበ ዝናብ ጠዋት የተሻገሩት ደረቅ ወንዝ ማታ ሊሞላ ይችላል። ከጉልበት በታች የሆነ ውኃ እንኳ ፍጥነት ካለው ሰው ይጥላል፤ እስኪጎድል መጠበቅ ነው።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዕለትና የዐሥር ቀን ትንበያ ያወጣል። የጉባኤው ጸሐፊ በዋዜማው ትንበያውን ይመልከት፤ ነገር ግን ለከተማ የተነገረው ለተራራው አናት እንዳልሆነ ያስብ። በጉዞው ዕለት ደግሞ መንገዱን የሚያውቅ አንድ የአካባቢው ሰው ሰማዩን እንዲከታተል ይመደብ። ይህ ሰው «እንመለስ» ባለ ጊዜ ከአስተባባሪዎቹ ማንም እንዳይከራከረው ውሳኔው አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።