አዲስ ዶሮ ስለ መጨመር

ችኰላ የድኻን ሀብት ታጠፋለች፤ ትዕግሥት ግን ጥቂቱን ታበዛለች። ይህም በታላቅ ነገር ብቻ ሳይሆን በጓሮ ዶሮ እንኳ ይታያል።

በአንድ የገጠር መንደር ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ነበረች። ሀብቷም ሦስት ዶሮዎች ነበሩ። ከእንቍላሉ ዋጋ ጨው ትገዛለች፤ ለልጇም ደብተርና እርሳስ ታወጣለች። ከዕለታት አንድ ቀን፦ «ሁለት ብጨምር ገቢዬ ይበዛል» ብላ ከገበያ ሁለት ቄቦች ገዝታ መጣች። በዚያውም ምሽት ከቀድሞዎቹ ጋር በአንድ ቆጥ ላይ አሰፈረቻቸው።

በማግሥቱ የቀድሞዎቹ ዶሮዎች አዲሶቹን ከጥሬው እያባረሩ በመንቈራቸው ይወጓቸው ጀመር። በአምስተኛው ቀን ከአዲሶቹ አንዲቱ ክንፏን ጥላ ቆመች፤ አረንጓዴ ኩስ ጣለች፤ አንገቷም ተጠመዘዘ። ይህ ፈንግል የሚባለው በሽታ ነበር። እርስዋ ከሞተች በኋላ ብዙ ሳይቈይ የቀሩትም ያንኑ ምልክት አሳዩ።

ያን ጊዜ በሴቲቱ ልብ ክፉ ሐሳብ ገባ። «ነገ የገበያ ቀን ነው፤ ሳይሞቱ ብሸጣቸው ገንዘቤ ይመለሳል» አለች። ዶሮዎቹንም በቅርጫት ስታስገባ ልጇ አይቶ፦ «እምዬ፥ ለእኛ የሸጠልን ሰውም እንዲሁ አስቦ ይሆን?» ሲል ጠየቃት። እናቲቱም አፍራ ዝም አለች። ወደ ገበያም አልሄደችም። የሞቱትን ሁሉ ውሻ እንዳያወጣቸው በጥልቅ ጕድጓድ ቀበረች። ከአምስቱ አንዲት ብቻ ተረፈች፤ የልጁም ደብተር ሳይገዛ ቀረ።

ጐረቤቷ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ሊያጽናኗት መጥተው እንዲህ አሏት፦ «ልጄ፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው። ነገር ግን ሌላውን ሰው አልጐዳሽምና አትዘኝ። አሁን ቆጡን አጥበሽ ፀሐይ አስመቺው፤ ሁለት ወርም ታገሺ። ከዚያ በኋላ ከምታውቂው ቤት ግዢ። ዓይኗ የጠራ፥ አፍንጫዋ የደረቀ፥ ከክንፏም በታች ቅማል የሌለባት ትሁን። አንዲት ብቻ አትግዢ፤ ብቻዋን የገባች እንደ ሆነ ጠቡ ሁሉ በእርስዋ ላይ ይወድቃልና። አዲሶቹን አንድ ወር ያህል ለብቻቸው አኑሪ። አስቀድመሽ የቀድሞዪቱን መግበሽ፥ ኋላ ወደ አዲሶቹ ሂጂ፤ በሽታው በእጅና በጫማ ይሄዳልና ታጠቢ። ፈንግል ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ አስቀድሞ የሚከላከል ክትባት ግን አለ፥ በአገራችንም በቢሾፍቱ ይሠራል። ስለዚህ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄደሽ አስከትቢ።»

ሴቲቱም እንደ ተመከረች አደረገች። ወሩ ሲፈጸም በመካከላቸው የእንጨት አጥር አቆመች፤ ሳይነካኩም አንድ ሳምንት ተያዩ። ከዚያም ከመሸ በኋላ አዲሶቹን በቀስታ በቆጡ ላይ አስቀመጠች። ሲነጋም ደካማዪቱ እንዳትራብ ጥሬውንና ውሃውን በሁለት ስፍራ አኖረች።

ዶሮዎች ማን እንደሚቀድም፥ ማንስ እንደሚከተል የሚያውቁበት ሥርዐት አላቸው። ይህንም ሼልደሩፕ ኤበ የተባለ የኖርዌይ ሊቅ መርምሮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1922 ዓ.ም. ጽፎታል። እንግዳ ሲገባ ሥርዐቱ ይናወጣል፤ እንደ ገና እስኪጸናም ጥቂት ቀን ጠብ ይሆናል። ደም ካልፈሰሰ ሰው በመካከላቸው አይግባ። ደም ከታየ ግን ሌሎቹ ቍስሉን መውጋት አይተዉምና፥ የቈሰለችውን ለይቶ እስክትድን መጠበቅ ይገባል።

በሴቲቱም ቤት ጠቡ ከጥቂት ቀን በኋላ በረደ፤ ሦስቱም አብረው ይጭሩ ጀመር። ቄቦቹ እንቍላል በጣሉ ጊዜ ልጁ ደብተሩን አገኘ።

እንግዳን መቀበል መልካም ነው፤ ያለ ጥንቃቄ መቀበል ግን ለእንግዳውም ለባለቤቱም ጕዳት ነው። ከሁሉ ይልቅ የራሱን ጕዳት በባልንጀራው ላይ የማይጥል ሰው፥ ቅርጫቱ ባዶ ቢሆን እንኳ፥ በእግዚአብሔርና በሰው ፊት የተመሰገነ ነው።