ጽድና ወይራ በስንት ዓመት ይደርሳሉ?

በክረምት ችግኝ ካስረከብን በኋላ ከሰበካ ጉባኤ አባላት ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ «ዲያቆን፣ ይህ ጽድ መቼ ነው ዛፍ የሚሆነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባሕር ዛፍ ከ5 እስከ 7 ባሉት ዓመታት ውስጥ ለቤት ማገርና ቋሚ ስለሚደርስ ዓይናችን የእርሱን ፍጥነት ለምዷል።

የጽድና የወይራ ጠባይ ግን ሌላ ነው። መዘግየቱ የሚጀምረው ከፍሬው ነው። የወይራ ዘር በድንጋይ በሚመስል ጠንካራ ሽፋን የተዘጋ በመሆኑ ጫፉ በጥንቃቄ ካልተቆረጠለት ውኃ ቶሎ አይገባውም። የጽድ ወንዴና ሴቴ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በተለያዩ ዛፎች ላይ ስለሆነ ፍሬ የሚለቀመው ከሴቴዎቹ ብቻ ነው፤ ዘሩም ለመብቀል ይዘገያል። በዚህ ምክንያት የባሕር ዛፍ ችግኝ በጥቂት ወራት ለተከላ ሲደርስ፣ የእነዚህ ችግኝ አንድ ዓመት ገደማ በችግኝ ጣቢያ ሊቆይ ይገባዋል። በግንቦት በጀት ለቆ በሐምሌ ችግኝ የሚፈልግ ዕቅድ የሚያገኘው ያልጠነከረ ችግኝ ነው።

ከተከላ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ችግኙ ይበልጥ የሚደክመው ለሥሩ ነው። ይህን በንባብ ባውቅም በሥራዬ መጀመሪያ ላይ ተሳስቻለሁ። በአንድ ደብር በሁለተኛው ዓመት የችግኞቹን ቁመት ለክቼ «እድገታቸው ደካማ ነው፤ ይተኩ» ብዬ ጻፍሁ። የቅጥሩ ጠባቂ አባት ግን የአንዱን ቅርፊት በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው ከሥሩ ያለውን ለምለም አሳዩኝ። «ልጄ፣ ይህን ነው የምትነቅለው?» አሉኝ። በእርግጥ የደረቁም ነበሩ። አንዱን ስንቆፍር ሥሩ ባልተቀደደው የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ተጠምዝዞ አገኘነው፤ ጥፋቱ የተካዩ እንጂ የዛፉ አልነበረም።

ስለዚህ በበጀቱ ከመትከያው ቀን ይልቅ ለቀጣዮቹ ሦስት በጋዎች ውኃና ለአጥር ሰፊ ድርሻ ሊሰጥ ይገባል። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ደናቸውን በድንጋይ ካብ ያጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከብትና ፍየል ካልረገጠውና ካልጋጠው ወድቆ የበቀለውም ቡቃያ የማደግ ዕድል ያገኛል።

ለጠያቂዎቻችን መልሱ ይህ ነው፦ ጽድ ደኅና ጥላ እንዲሰጥ ከ10 ዓመት በላይ፣ ለጣውላ እንዲደርስ ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። እኛም በግንቦት ለጉብኝት ስንመጣ የምንጠይቀው የችግኞቹን ቁመት ሳይሆን ከበጋው የተረፉትን ቁጥር ነው።