ከ«ወላጅ አምጣ» ባሻገር፦ የቤተሰብና የትምህርት ቤት ትብብር ለልጆች የአእምሮ ጤና
የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ከአእምሮ ጤና እክሎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ የሚጀምሩት ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። በዚህ ዕድሜ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ለውጥን ወላጅ ያያል፤ የትኩረት መቀነስንና ከጓደኛ መራቅን መምህር ያስተውላል። ሁለቱ ካልተገናኙ ምልክቱ ለየብቻ ተከፍሎ ይቀራል።

በአገራችን ወላጅንና መምህርን በብዛት የሚያገናኘው ጥፋትን ተከትሎ የሚመጣው «ወላጅ አምጣ» የሚለው ጥሪ ነው። በመሆኑም የሚረብሸው ተማሪ ሲታይ በዝምታ የሚጨነቀው ይዘነጋል፤ ወላጅም ጥሪውን እንደ ክስ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የክፍል ኃላፊ መምህራን ጥፋት ባይኖርም በየመንፈቀ ዓመቱ ከወላጆች ጋር ሊወያዩ፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትም ጉዳዩን ቋሚ አጀንዳ ሊያደርገው ይገባል። የልጁን ምስጢር መጠበቅ ግን የትብብሩ ቅድመ ሁኔታ ነው።