ካቻቢቴውን የሚመርጠው ብሎኑ ነው



ላለፉት ሁለት ሳምንታት የሚኒ ሚዲያችን ድምፅ ለምን ጠፋ ብላችሁ ስትጠይቁ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። አምፕሊፋየሩ ድምፁ ሲቆራረጥ «የላላ ሽቦ ይሆናላ» ብዬ ያገኘሁትን ካቻቢቴ ብሎኑ ላይ አስገብቼ በኃይል አዞርኩት። ካቻቢቴው ለብሎኑ ትንሽ ነበርና እየተንሸራተተ መስቀሉን በልቶ ክብ ጉድጓድ አደረገው። ከዚያማ መምህራችንም ሞክረው አቃታቸው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው ለእኔ ነው።

ከመምህራችን ጋር ሆነን መሐል ሜዳ ወደሚሠሩ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ወሰድነው። ጋሼ ከብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ትንሽ ቆርጠው በተበላው ብሎን ላይ አደረጉና በትልቅ ካቻቢቴ ጫን ብለው ወደ ግራ አዞሩት። ወጣ! ውስጡ እውነትም አንድ ሽቦ ለቆ ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ የነበሩት ካቻቢቴዎች አራት ብቻ ናቸው። እኔ ደግሞ ክበባችን ባዋጣነው ገንዘብ ባለ 40 ፍሬውን ሣጥን ይግዛ ብዬ ስከራከር ነበር። ያን ቀን የተማርኩትንና በኋላ ያነበብኩትን እነሆ።

የብሎን ራስ ዓይነቶች

ካቻቢቴ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ብሎን አውጪ» ማለት ነው። ፒንሳም እንዲሁ ከጣሊያንኛ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የምናገኛቸው ብሎኖች ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው ባለ አንድ መስመር ነው። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይፈታል። በሶኬትና በማብሪያ ማጥፊያ ላይ ይገኛል።

ሁለተኛው ባለ መስቀል ነው። ኮምፒውተር፣ ሬዲዮና የሶላር መብራት በአብዛኛው የሚታሰሩት በዚህ ነው። ስሙ ፊሊፕስ ይባላል። ሄንሪ ፊሊፕስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1936 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። ሬዲዮ ይሠራ የነበረው ፊሊፕስ ግን ሌላ ነው፤ እሱ በ1891 ሆላንድ ውስጥ የተቋቋመ ድርጅት ነው። እኔ አንድ ይመስሉኝ ነበር።

ሦስተኛው ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ሲሆን ቶርክስ ይባላል። በሃርድ ዲስክና በአንዳንድ ስልኮች ላይ አለ።

ቁጥሩን ማንበብ

የመስቀል ካቻቢቴ እጀታ ወይም ብረቱ ላይ «ፒ ኤች» ተብሎ ቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩ ሲጨምር ጫፉ ይተልቃል። ባለ 2 ቁጥሩ ለጠረጴዛ ኮምፒውተር ቀፎ ይሆናል። 1 እና 0 ለላፕቶፕና ለትንንሽ ሬዲዮ ናቸው። ባለ ሁለት ዜሮና ባለ ሦስት ዜሮ ደግሞ ለስልክ ናቸው፤ ዜሮ ሲበዛ ጫፉ ይቀጥናል። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፦ ባለ 2 ለሚፈልግ ብሎን ባለ 0 አስገባሁ።

ስንገዛ

1. ብሎኑን በወረቀት ጠቅልለን ይዘን እንሂድ። ጫፉ ላይ ሰክተን ነቅነቅ እናድርገው። ከተወዛወዘ ልኩ አይደለም።
2. የጫፉን ጠርዝ እንይ። ጠርዙ ጥርት ያላለና ብረቱ ለስላሳ ከሆነ ከብሎኑ በፊት ራሱ ካቻቢቴው ይበላል። ጥሩ ካቻቢቴ ብዙ ጊዜ ክሮም ቫናዲየም ከሚባል ጠንካራ ብረት ይሠራል። ነገር ግን ጽሑፉን ማንም ሊያትመው ስለሚችል በጽሑፉ ብቻ አንመን።
3. እጀታው ወፈር ያለና የማያንሸራትት ይሁን።
4. ጫፉ ማግኔት ቢኖረው ብሎን ወድቆ እንዳይጠፋ ይረዳል።

ስንሠራ

ከሁሉ በፊት ሶኬቱን እንንቀል። አምፕሊፋየርና ቴሌቪዥን ግን ከተነቀሉም በኋላ ካፓሲተራቸው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሊቆይ ስለሚችል ያለ አዋቂ አይከፈቱም። እኔ ይህንንም አላወቅሁም ነበር፤ እግዜር ነው የጠበቀኝ።

በኃይል ከማዞር ይልቅ ቀጥ አድርጎ ወደ ታች መጫን ይበልጣል። ወደ ግራ ያላላል፣ ወደ ቀኝ ያጠብቃል። የወጡትን ብሎኖች ወረቀት ላይ የዕቃውን ሥዕል ሥለን በየቦታቸው እናስቀምጥ። ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ውስጡን ሊበሳ ይችላል።

ሌላም አለ። በብርዱ ወራት ማታ ሹራብ ስናወልቅ ጨለማ ውስጥ ቅጭ ቅጭ የሚል ብልጭታ እናያለን አይደል? እሱ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ነው። እኛን ባይጎዳንም የኮምፒውተርን ሜሞሪ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ውስጡን ከመንካታችን በፊት የቀፎውን ብረት እንንካ።

ማጠቃለያ

ባለ 40 ፍሬው ሣጥን ያምራል፤ ግን ክበባችን ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች ብሎን አንድ በአንድ ስቆጥር ከአራት ዓይነት አላለፈም። ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ባለ 0፣ ባለ 1 እና ባለ 2 መስቀል፣ አንድ ጠፍጣፋ፣ አራት ጥሩ ካቻቢቴ ይበቃናል። በሚተርፈው ገንዘብ ማይክራፎኑን ገመድ እንግዛለት።

ጥያቄ፦ ባለ 1 እና ባለ ሁለት ዜሮ ካቻቢቴ ቢሰጣችሁ የስልክ ብሎን የምትፈቱት በየትኛው ነው? ለምን? መልሱን ለክበባችን አስረክቡ። ሰኞ በሰልፍ ሰዓት በተጠገነው አምፕሊፋየር እናነበዋለን።